ከመረጃ ሰሌዳው ሳንቀዳ የከርባልን ፕላኔቶች እንለካ

ደሴ_ፊዚክስ — ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለውን የጠፈር ጉዞ የኮምፒውተር ጨዋታ ከሚጫወቱ ተማሪዎቼ ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የጨዋታው ጨረቃ በሆነችው ሙን ላይ አረፈች። ቴርሞሜትሩን፣ የመንቀጥቀጥ መለኪያውንና የስበት መለኪያውን በየተራ ተጫነች፤ የአፈር ናሙና ወሰደች፤ ነጥቧን ይዛ በሰላም ወደ መነሻዋ ፕላኔት ወደ ከርቢን ተመለሰች። ሁላችንም አጨበጨብን። እሷ ግን ዞር ብላ «መምህር፣ ነጥቡን አግኝቻለሁ። ስለ ሙን ግን ምን ዐወቅሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው። ጨዋታው የሚሰጠን ነጥብ ለሥራችን የተከፈለ ዋጋ እንጂ የፕላኔቱ መለኪያ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሰዓት አለ፤ ከፍታ መለኪያ አለ፤ ባሮሜትር አለ። መሣሪያውን በቀኝ አዝራር ነክታችሁ ማሳያውን ስትከፍቱ ቁጥር ታነባላችሁ። በእነዚህ ብቻ የፕላኔቶቹን ስበት፣ ስፋት፣ የቀን ርዝመትና የአየር ግፊት ራሳችን ለክተን አንድ ሰንጠረዥ እንሙላ።

የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ከመከታተያ ጣቢያው የመረጃ ሰሌዳ ቁጥር አትቅዱ፤ መጀመሪያ ለኩ፣ ሰሌዳውን በኋላ ክፈቱት። ሌላው ሰው ደግሞ ሊሞክረው እንዲችል እንዴት እንደለካችሁ ጻፉ። የተሳሳተ ውጤት ካገኛችሁም አትደብቁት።

በከርቢን ልጀምር። መንኮራኩሬን ቅርብ ጫፉ 80፣ ሩቅ ጫፉ 120 ኪሎ ሜትር በሆነ ምሕዋር ላይ አስቀመጥኳት። ሩቁን ጫፍ እንዳለፈች ወዲያው እስከሚቀጥለው ሩቅ ጫፍ የቀረውን ጊዜ አነበብኩ፤ አንድ ሙሉ ዙር ማለት ነው። 32 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ሆነ። ምሕዋሩን ፍጹም ክብ አታድርጉት። ክብ ሲሆን ሩቁ ጫፍ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ንባቡን ያበላሽባችኋል።

ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 ባሳተመው ሦስተኛ ሕጉ የርቀቱ ኪዩብ ለዙር ጊዜው ካሬ ሲካፈል ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንደሚሰጥ ተናገረ። ኒውተን ደግሞ ያ ቁጥር በመካከል ያለውን አካል ቁስ መጠን እንደሚገልጥ አሳየ። አሠራሩ ይህ ነው፦ አማካይ ርቀቱን በሜትር ወስዳችሁ ኪዩብ አድርጉት፤ በ39.48፣ ማለትም በፓይ ካሬ አራት እጥፍ አባዙት፤ ለዙር ጊዜው ካሬ አካፍሉት። እኔ 3.53 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ካሬ አገኘሁ። የሰንጠረዣችን የመጀመሪያ ቁጥር ይህ ይሁን።

ናሆም_ዜድ — ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 3፡25

መምህር፣ ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን ቁጥሮቹ በሰሌዳው ላይ ተጽፈው ሳሉ ለምን እንደክማለን?

ነጥብ መሰብሰብም የራሱ ጥበብ አለው። የአፈር ናሙና መነሻ ዋጋው 30 ነው፤ ሙን ላይ ሲወሰድ በ4 ይባዛና 120 ይሆናል። በሬዲዮ ከላኩት የሚደርስዎት ሩቡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን ይዞ መመለስ ይሻላል። የስበት መለኪያውን ደግሞ በሁለቱ ዋልታዎች ላይ በሚያልፍ ምሕዋር ከ60 ኪሎ ሜትር በታች ያዙሩት። ሙን ከሥር ስትዞር የመልክዓ ምድሩ ክልሎች አንድ በአንድ ከፊትዎ ያልፋሉ፤ ጨዋታው እያንዳንዱን ለየብቻ ይቆጥራል። ጠፈርተኛው ከመንኮራኩሯ ወጥቶ የሚጽፈው ሪፖርትም እንዲሁ ነው። በአንድ ጉዞ ይህን ሁሉ የሰበሰበ ሰው ምን ጎደለው?

ደሴ_ፊዚክስ — ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 3፡50

ናሆም፣ ያቀረብኸው ጥሩ የአሰሳ ዕቅድ ነው፤ እውነተኞቹ ጠፈር አሳሾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጨረቃችንን የሚዞረው ሉናር ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የመረጠው በዋልታዎች የሚያልፍ ምሕዋር ነው፤ ምክንያቱም አንተ ያልኸው ነው፤ ጨረቃ ከሥሩ ዞራ ገጿን ሁሉ ታሳየዋለች።

ሰሌዳው ግን የመልስ ቁልፍ ነው። መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ መኖሩን እያወቅን ሒሳቡን እንሠራለን። ቁልፉን ቀድመህ ካየህ ዘዴህ ትክክል መሆኑን የምታውቅበት መንገድ አይኖርህም።

ሰብለ_ወ — ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ የወጣልኝ ቁጥር ግን ከእርስዎ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ምሕዋሬ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ የዙር ጊዜው እንደ እርስዎ 32 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ነው። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ውጤቴ ከእርስዎ በ343 እጥፍ ያንሳል። የት ተሳሳትኩ?

አጥናፍ — ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 6፡30

ሰብለ፣ 343 የ7 ኪዩብ ነው። ስሕተትሽ ራሱ መልሱን ይዞ መጥቷል። ከፍታ መለኪያው የሚነግርሽ ከባሕር ወለል ያለውን ርቀት ነው፤ ኬፕለር የሚፈልገው ግን ከፕላኔቱ ማዕከል ያለውን ነው። አንቺ 100 አስገባሽ፤ መምህሩ 700 አስገቡ።

እዚህ ላይ ግን መምህርንም ልጠይቅ። ያንን 600 ኪሎ ሜትር ከየት አመጡት? የከርቢንን ሬዲየስ ማናችንም አልለካንም። ከሰሌዳው ተቀድቶ ከሆነ ደንቡ በመጀመሪያው ቀን ፈርሷል።

ደሴ_ፊዚክስ — ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 8፡05

ትክክል ነህ። ለብዙ ዓመታት በቃሌ ስለማውቀው ሳላስበው አስገባሁት። ቁጥሬን ከሰንጠረዡ አንሥቼዋለሁ። ሬዲየሱን ከምሕዋር ውጭ ሳንወጣ የምንለካበት መንገድ ይኖር ይሆን?

አጥናፍ — ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 4፡20

አለ። ዛሬ ማታ ሠርቼ ጨረስኩት፤ ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም።

ሁለት ምሕዋር ያስፈልጋል፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከፍ ያለ። የመጀመሪያውን በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አደረግኩ፤ የዙር ጊዜው 1,958 ሰከንድ ሆነ። ሁለተኛውን 600 ኪሎ ሜትር ላይ አደረግኩ፤ 4,395 ሰከንድ ሆነ። ሬዲየሱን አላውቀውም፤ ግን በሁለቱም ርቀቶች ውስጥ ያው አንድ ሬዲየስ እንዳለ አውቃለሁ። የጊዜዎቹ ንጽጽር 2.2446 ነው። በኬፕለር ሕግ የርቀቶቹ ንጽጽር የዚህ ካሬ ኪዩብ ሥር ነው፤ 1.7143 ይወጣል። ስለዚህ «600 ሲደመር ሬዲየሱ» «100 ሲደመር ሬዲየሱን» 1.7143 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። 600 ኪሎ ሜትር ወጣ።

በሰዓትና በከፍታ መለኪያ ብቻ! ፕላኔቱን ሳልነካ፣ ሳላርፍበት፣ በመስኮት እንኳ ሳላየው።

ለምትሞክሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለቱን ምሕዋሮች አራርቃችሁ ምረጡ። የላይኛውን ጊዜ በ1 በመቶ ብትሳሳቱ፣ በእኔ ምርጫ ሬዲየሱ የሚጎድለው 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ምሕዋሮቹን 100 እና 120 ላይ ብታደርጓቸው ግን ያው 1 በመቶ ስሕተት 135 ኪሎ ሜትር ያሳጣችኋል። ከመተኮሳችሁ በፊት ይህን ተቀምጣችሁ አስሉ፤ የነዳጁን ያህል ዋጋ አለው።

ሰብለ_ወ — ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 1፡10

በአጥናፍ ዘዴ ሙንን ለካሁ። 50 ኪሎ ሜትር ላይ 51 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ፤ 200 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ። ሬዲየስ 200 ኪሎ ሜትር፤ በገጿ ላይ ያለው ስበት 1.63 ሜትር በሰከንድ ካሬ። ከዚያ አረፍኩና የስበት መለኪያውን ማሳያ ከፈትኩት። 1.63! በሁለት የተለያዩ መንገዶች ያው ቁጥር ሲመጣ ሰውነቴን ነዘረኝ።

ተረፈ_ሰ — ጥቅምት 23፣ ከምሽቱ 3፡00

የቀን ርዝመት ለመለካት ፈልጌ የገባሁበትን ችግር ላካፍላችሁ። የጨዋታው ሰዓት አንድ ቀን 6 ሰዓት እንደሆነ ያሳያል። በዚህ ተማምኜ የዙር ጊዜዋ ልክ 6 ሰዓት የሆነ ሳተላይት ከማስወንጨፊያው ጣቢያ በላይ፣ በምድር ወገቡ ላይ አስቀመጥኩ። ከጣቢያው አናት ሳትንቀሳቀስ መቆም ነበረባት። አልቆመችም። በየቀኑ ወደ ምዕራብ ትንሸራተታለች፤ ለክቼዋለሁ፤ በመሬት ላይ ሲታይ በቀን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዙር ጊዜዋን እስከ ሰከንዱ አስተካክያለሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው ወይስ የከርቢን?

ናሆም_ዜድ — ጥቅምት 23፣ ከምሽቱ 3፡20

ሞተሩ ትንሽ ገፍቶብህ ይሆናል። ምሕዋሩን እንደገና አስተካክለው።

ተረፈ_ሰ — ጥቅምት 23፣ ከምሽቱ 5፡45

አስተካከልኩት። ያው 9 ኪሎ ሜትር፣ ያው ወደ ምዕራብ። የእጅ ስሕተት ቢሆን ኖሮ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይል ነበር።

አጥናፍ — ጥቅምት 24፣ ከጠዋቱ 2፡30

ተረፈ፣ የለካኸው እውነት ነው። ከርቢን በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በ6 ሰዓት አይደለም። የ9 ኪሎ ሜትሩን መንሸራተት ወደ ማዕዘን ቀይረው፤ 0.845 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ማለት በ6 ሰዓት ውስጥ ከርቢን አንድ ሙሉ ዙርና ጥቂት ትርፍ ትዞራለች። ስታሰላው አንዱ ዙር 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ነው።

6 ሰዓቱ ደግሞ ፀሐይ ከአናት ተነሥታ ተመልሳ አናት ላይ እስክትደርስ ያለው ጊዜ ነው። ከርቢን በዛቢያዋ ስትዞር በፀሐይ ዙሪያም ትጓዛለች፤ ስለዚህ ፀሐይን እንደገና ፊት ለፊት ለማግኘት ጥቂት ተጨማሪ መዞር አለባት። መሬታችንም እንዲሁ ናት፤ በከዋክብት ሲለካ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ፣ በፀሐይ ሲለካ 24 ሰዓት። የሳተላይትህን መንሸራተት እስከ መጨረሻው ብትከታተለው ፕላኔቷን ዞራ ወደ ጣቢያው የምትመለሰው በ426 ቀን ነው። ያ የከርቢን ዓመት ነው። በዛቢያ ዙሩ ውስጥ የዓመቱን ርዝመትም አብረህ ለክተሃል።

ተረፈ_ሰ — ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 2፡15

ሳተላይቷን በ5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ አደረግኳት፤ ከፍታዋ 2,863 ኪሎ ሜትር ሆነ። ቆማለች። የድሮዋን ግን አላጠፋኋትም፤ 426 ቀኑን ልቆጥርባት ነው።

የእንጦጦ_ልጅ — ጥቅምት 26፣ ከቀኑ 10፡00

ስለ አየር ማንም ስላልጻፈ እኔ ልግባ።

አንዲት ትንሽ ሮኬት ባሮሜትር ጭና ቀጥ ብላ ወጣች፤ ስትወርድ በፓራሹት ዘገም እያለች ግፊቱን አነበብኩ። በባሕር ወለል 101.3 ኪሎፓስካል፤ በ5 ኪሎ ሜትር 45.6፤ በ10 ኪሎ ሜትር 17.9፤ በ20 ኪሎ ሜትር 2.5።

መጀመሪያ የገመትኩት ግፊቱ በእኩል ከፍታ በእኩል ንጽጽር እንደሚቀንስ ነበር። ያ እውነት ቢሆን ከ0 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያየሁት ቅነሳ ሲደገም 10 ኪሎ ሜትር ላይ 20.5 ማንበብ ነበረብኝ። ያነበብኩት ግን 17.9 ነው። ሮኬቷን ሁለት ጊዜ ደግሜ ተኮስኩ፤ አልተለወጠም። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ይጠጋጋል፤ ስለዚህ በላይኛው ክፍል ግፊቱ ፈጠን ብሎ ይወድቃል።

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። የመሬታችንን መደበኛ ከባቢ አየር ሰንጠረዥ ወስጄ ከፍታዎቹን በ0.8 አባዛኋቸው። በመሬት 12.5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግፊት በከርቢን 10 ኪሎ ሜትር ላይ ካነበብኩት ጋር ገጠመ። ሌሎቹም ገጠሙ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የራሳችንን ሰማይ ነው ጨምቀው ያስቀመጡልን።

ስልኬ ባሮሜትር አለው፤ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ያሳያል። ከርቢን ላይ ይህን ግፊት የማገኘው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ተራራ ላይ የቆመ ከርባል፣ ማለትም የጨዋታው ነዋሪ፣ የሚተነፍሰው እኔ በየቀኑ የምተነፍሰውን አየር ነው፤ ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ከርቢን ሩቅ አገር አልመስል ብላኛለች።

ሰብለ_ወ — ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 1፡30

በዱናም ላይ ባሮሜትር አውርጄ ነበር፤ በቆላማው ቦታ 6.5 ኪሎፓስካል ገደማ አነበብኩ። ከከርቢን ጋር ሲነጻጸር ስስ ነው፤ ዱና የተሣለችበት የእውነተኛው ማርስ አየር ግን ከዚህም አሥር ጊዜ ያህል ይሳሳል። በጨዋታው ፓራሹት ዱና ላይ ያን ያህል የሚረዳን ለዚህ ነው።

ናሆም_ዜድ — ጥቅምት 28፣ ከሌሊቱ 5፡10

እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጻፍ። የተሳሳትኩበትን ካያችሁ ንገሩኝ።

ሰሌዳውን ሳልከፍት የከርቢንን እፍጋት አሰላሁ። ስበቱ አለን፤ ሬዲየሱ አለን። የወጣልኝ ከውሃ 58.5 እጥፍ ነው። መሬት 5.5 ብቻ ናት። ብረት 8 እንኳ አይሞላም። በተፈጥሮ ከምናውቃቸው ንጥረ ነገሮች ሁሉ እፍጋቱ የሚበልጠው ኦዝሚየም 22.6 ነው። ሙሉ በሙሉ ከኦዝሚየም የተሠራች ፕላኔት እንኳ ግማሹን አትሞላም። ሙንን ሞከርኩ፤ 29 ወጣ፤ የእኛ ጨረቃ 3.3 ናት። አራት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት።

ደሴ_ፊዚክስ — ጥቅምት 29፣ ከጠዋቱ 1፡00

ናሆም፣ ስሌትህ ትክክል ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

በአጭሩ ልታየው ትችላለህ። እፍጋቱ ተመሳሳይ በሆነ ፕላኔት ላይ የገጹ ስበት ከሬዲየሱ ጋር እኩል ያድጋል። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከርቢን በ10.6 እጥፍ ታንሳለች፤ ስበቷ ግን ያው 9.81 ነው። ስለዚህ እፍጋቷ በ10.6 እጥፍ መብለጥ አለበት። 5.51ን በ10.6 አባዛው።

የጨዋታው ሠሪዎች ይህን የመረጡበትን ምክንያት የሚያሳይ አንድ ቁጥር ልጨምር። በመሬት ዙሪያ ዝቅ ባለ ምሕዋር ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ያስፈልጋል፤ በከርቢን 80 ኪሎ ሜትር ላይ 2.28 ይበቃል። ፕላኔቷ ትንሽ ስለሆነች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምሕዋር ላይ እንደርሳለን፤ ስበቱ የምናውቀው ስለሆነ ደግሞ ሮኬቱ የምናውቀውን ሮኬት ይመስላል። የዚህ ዋጋ በየትኛውም ድንጋይ የማይገኝ እፍጋት ነው።

አጥናፍ — ጥቅምት 29፣ ከቀኑ 6፡45

የናሆምን ግኝት ተከትዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጨዋታው ልንለካው የማንችለው ነገር አለ።

የጨዋታው አካላት ስበታቸው የፍጹም ሉል ስበት ነው። እውነተኛዋ ጨረቃ እንዲህ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮችን ጉዞ የመረመሩ ተመራማሪዎች ከሰፋፊዎቹ ጥቁር ሜዳዎች ሥር የተከማቸ ተጨማሪ ክብደት እንዳለ ደረሱበት፤ መንኮራኩሮቹ በዚያ ሲያልፉ ይሳቡ ነበር። የአፖሎ 16 ጠፈርተኞች በሚያዝያ 1972 የለቀቋት ትንሽ ሳተላይት በ35 ቀን ውስጥ ጨረቃ ላይ ወድቃ ተሰባበረች። ናሳ በ2012 ግሬይል የተባሉ ሁለት መንኮራኩሮችን አከታትሎ አብርሮ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲጠብና ሲሰፋ እየለካ የጨረቃን ስበት ካርታ ሠራ።

በሙን ዙሪያ ሁለት መንኮራኩር አከታትዬ ይህን ልድገም ብዬ ነበር። ርቀታቸው በጉዞዬ ሁሉ አልተነቃነቀም። ባዶ ውጤት ነው፤ ግን ውጤት ነው፤ በሰንጠረዡ ይግባልኝ።

ሰብለ_ወ — ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 3፡40

ዱና ላይ ሳተላይት ጠፋችብኝ።

የዱናን ዙር ለካሁ፤ 18 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። እንደ ተረፈ ከማረፊያዬ በላይ የምትቆም ሳተላይት ፈለግኩና ከፍታውን አሰላሁ፤ 2,880 ኪሎ ሜትር። ነዳጄን ጨርሼ እዚያ አደረስኳት፤ ጊዜውን አፈጠንኩ። ብዙም ሳይቆይ ሳተላይቷ የዱና መሆኗ ቀረ፤ የዱና ጨረቃ በሆነው በአይክ ስበት ውስጥ ገብታ ወደማላውቀው አቅጣጫ ተወረወረች።

ከዚያ አይክን ለካሁት። የዙር ጊዜው 18 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ነው፤ ከዱና ዙር ጋር በሰከንድ አይለያይም። ከማረፊያዬ ቀና ብዬ ሳየው አይክ ከሰማዩ አንድ አካባቢ አይርቅም። እኔ ለሳተላይቴ የመረጥኩት ከፍታ አይክ የተቀመጠበት ከፍታ ነው፤ ማረፊያዬም አይክ ከሚታይበት ፊት ነው።

ደሴ_ፊዚክስ — ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡15

ሰብለ፣ ስለ ሳተላይቷ አዝናለሁ፤ ልኬትሽ ግን እስካሁን ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። በእውነተኛው ሰማይም ፕሉቶና ካሮን እንዲህ ናቸው፤ ሁለቱም በ6.4 ቀን እየዞሩ አንዱ ለሌላው ያንኑ ፊት ያሳያሉ። በዱና ቋሚ ሳተላይት ከፈለግሽ ከአይክ በተቃራኒው ወገን አድርጊያት፤ ጨዋታው በአንድ ጊዜ የአንድን አካል ስበት ብቻ ስለሚያሰላ እዚያ ትቆማለች።

ተረፈ_ሰ — ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጁል ከተባለው የጨዋታው ግዙፍ ፕላኔት ጨረቃዎች ሦስቱን ከመከታተያ ጣቢያው ሆኜ በሰዓት ተከታተልኳቸው። ሌይዝ 14 ሰዓት ከ43 ደቂቃ፤ ቫል 29 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፤ ታይሎ 58 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ጋሊሌዮ በጥር 1610 ካያቸው የጁፒተር ጨረቃዎች ሦስቱ፣ አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሜድ፣ ይህንኑ ንጽጽር ይጠብቃሉ። እነርሱ ግን የሚጠብቁት እርስ በርስ እየተሳሳቡ ነው፤ የእኛዎቹ መንገዳቸው ቀድሞ ተሠምሮላቸው ይሄዳሉ። ውጤቱን ብቻ ለክቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ይህ ሲያሳስበኝ ሰንብቷል።

ኤዶም_11 — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡50

መምህር፣ እንደምን አመሹ። ሙን ላይ ያረፍኩት ተማሪ እኔ ነኝ። እስካሁን ሲያነብቡ ከነበሩት አንዷ ነበርኩ፤ ዛሬ የራሴን ልኬት ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን ተሳስቻለሁ መሰለኝ።

የፕላኔቷ የኢቭ ጨረቃ በሆነችው በጊሊ ላይ አረፍኩ። የስበት መለኪያ አልጫንኩም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ነገር ጥዬ በሰዓት ልለካ ወሰንኩ። ከመንኮራኩሬ ምሰሶ ጫፍ፣ ከ10 ሜትር ከፍታ፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ለቀቅኩ። ስትለቀቅ እንዳትገፋ የመልቀቂያውን ኃይል ገና ስሠራው ወደ ዜሮ አውርጄዋለሁ። መሬት እስክትነካ 27 ሰከንድ ፈጀባት። 0.027 ሜትር በሰከንድ ካሬ አገኘሁ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ሰሌዳውን ከፈትኩ፤ 0.049 ይላል። በሰሌዳው ቁጥር ቢሆን በ20 ሰከንድ መውደቅ ነበረባት። አምስት ጊዜ ጣልኳት። አምስቱም ጊዜ 27 ነው።

ናሆም_ዜድ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡05

ኤዶም፣ ያረፍሽበት ቦታ ከፍታ ስንት ነው?

ኤዶም_11 — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡12

4,500 ሜትር። ተራራ ላይ ነኝ።

ናሆም_ዜድ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

እንግዲያው አልተሳሳትሽም። የጊሊ ሬዲየስ 13 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው የሚናገረው ስለዚያ ነው። አንቺ የቆምሽው ከማዕከሉ 17.5 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። 13ን ለ17.5 አካፍለሽ ካሬ አድርጊው፤ 0.55 ይሆናል። 0.049 በዚያ ሲባዛ 0.027። በከርቢን ላይ ተራራ ብትወጪ ልዩነቱን በእንዲህ ያለ መለኪያ አታዪውም፤ በጊሊ ግን ተራራው ራሱ የጨረቃዋን ሬዲየስ አንድ ሦስተኛ ያህላል።

ደሴ_ፊዚክስ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡55

ኤዶም፣ አሁን አትነሺ። ነዳጅ ካለሽ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ውረጂና ከመጣልሽ በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እዚህ ጻፊ። መጀመሪያ ጻፊ፣ ከዚያ ጣይ።

ኤዶም_11 — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ወደ 2,500 ሜትር ወርጃለሁ። ከማዕከሉ 15.5 ኪሎ ሜትር ነው። ስበቱ 0.0345 ይሆናል። 10 ሜትር ለመውደቅ 24 ሰከንድ ትፈጃለች ብዬ ጽፌአለሁ። አሁን ልለቃት ነው።

ኤዶም_11 — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡38

24።